4ኤስ ቀድሞ ሞልቶ ለምን ቀድሞ ይወጣል? ኳንተም ቁጥሮችን ለ11ኛ ክፍል ስለማስረዳት

መምህርት_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬዳዋ ላይ 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ አሁን የአቶም አወቃቀር ምዕራፍ ላይ ነን። ተማሪዎቼ አራቱን ኳንተም ቁጥሮች (በአቶም ውስጥ ያለን የአንድ ኤሌክትሮን ሁኔታ የሚገልጹትን) በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ኤን ሼሉን፣ ኤል ሰብሼሉን፣ ኤም-ኤል ኦርቢታሉን፣ ኤም-ኤስ ስፒኑን እንደሚናገር ይነግሩኛል። ጥያቄ ሲቀርብ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላሉ።

አንደኛው ቆጠራ ነው። «ኤን 4፣ ኤም-ኤል −1 ያላቸው ቢበዛ ስንት ኤሌክትሮኖች ይኖራሉ?» ሲባሉ ግማሹ 2 ይላል፣ ግማሹ 32።

ሁለተኛው 4ኤስ እና 3ዲ ነው (የ4ኛው ሼል ኤስ ሰብሼል እና የ3ኛው ሼል ዲ ሰብሼል)። ፖታሲየም ላይ «4ኤስ ከ3ዲ በፊት ይሞላል» እላቸዋለሁ። ብረት ላይ ስንደርስ «አዮን ሲሆን 4ኤስ ቀድሞ ይለቃል» እላለሁ። «ዝቅ ያለው ኢነርጂ መጀመሪያ ከሞላ እንዴት ተመልሶ መጀመሪያ ይወጣል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ «ሕጉ እንደዚያ ነው» ብዬ ላልፈው አልፈልግም።

ሦስተኛው «የብረት የመጨረሻው ኤሌክትሮን አራት ኳንተም ቁጥሮች ስንት ናቸው?» የሚለው ነው። አንዱ የመልመጃ ወረቀት መልሱን 3፣ 2፣ −2፣ −½ ይላል፤ ሌላው 3፣ 2፣ +2፣ −½። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ስለሆኑ ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋሉ። የቱን ልያዝ?

ቀመር_ሐረር (ሐረር)

ሰላም መምህርት። እኔ ቆጠራውን ልያዘው፤ እሱ ከተስተካከለ ሌላውም ይቀላል።

ልጆቹ አራቱን ቁጥሮች እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ አድርገው ነው የሚያዩአቸው። አንዱ ምክንያት «ኤሌክትሮን አድራሻ አለው፦ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር» እያልን ማስተማራችን ይመስለኛል። ምሳሌው ለፓውሊ ሕግ ጥሩ ነው፤ በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች አራቱም ቁጥራቸው አንድ ሊሆን አይችልም ለማለት ያገለግላል። ለቆጠራ ግን ያሳስታል። የቤት ቁጥር የቀበሌው ቁጥር ስንት ይሁን ስንት ግድ የለውም፤ ኤል ግን ኤን ከፈቀደለት አያልፍም፣ ኤም-ኤልም ኤል ከፈቀደለት አያልፍም። ስለዚህ ምሳሌውን ለፓውሊ ቀን ብቻ ያቆዩት።

ሰሌዳ ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ። ኤን ከ1 የሚጀምር ሙሉ ቁጥር ነው። ኤል ከ0 እስከ ኤን ሲቀነስ 1 ነው። ኤም-ኤል ከ −ኤል እስከ +ኤል ነው፣ 0ንም ይጨምራል። ኤም-ኤስ +½ ወይም −½ ነው፣ ሌላ የለውም። ማንኛውም የአራት ቁጥር ስብስብ ሲሰጥ ከግራ ወደ ቀኝ ያጣሩት፤ የመጀመሪያው ጥሰት ላይ ይቁሙ። 3፣ 3፣ 0፣ +½ ኤል ላይ ወደቀ። 2፣ 1፣ −2፣ +½ ኤም-ኤል ላይ ወደቀ። 4፣ 0፣ 1፣ −½ እዚያው ኤም-ኤል ላይ፣ ምክንያቱም ኤል 0 ከሆነ ኤም-ኤል ከ0 ሌላ ምርጫ የለውም። 3፣ 2፣ 0፣ 0 መጨረሻው ላይ። ልጆቹ በብዛት የሚስቱት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ኤል ከ0 እንደሚጀምር እየረሱ ኤል 2ን «ሁለተኛው ስለሆነ ፒ ነው» ይላሉ። 0 ኤስ፣ 1 ፒ፣ 2 ዲ፣ 3 ኤፍ የሚለውን በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሰሌዳው ጥግ ላይ መጻፍ አይሰለቹ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ኤን 4 ስለሆነ ኤል 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ሊሆን ይችላል። ኤም-ኤል −1 እንዲኖር ኤል ቢያንስ 1 መሆን አለበት፤ ስለዚህ ኤል 0 ይወጣል፣ 4ፒ፣ 4ዲ እና 4ኤፍ ይቀራሉ። እያንዳንዳቸው ኤም-ኤል −1 የሆነ አንድ አንድ ኦርቢታል ብቻ አላቸው። ሦስት ኦርቢታል፣ በእያንዳንዱ ሁለት ኤሌክትሮን፣ መልሱ 6። 2 ያለው ልጅ ኤል አንድ ብቻ ነው ብሎ አስቧል፤ 32 ያለው ደግሞ ኤም-ኤልን ጨርሶ አላየውም። ሁለቱን ስህተቶች ለይቶ ማረም ይሻላል፤ ምንጫቸው አንድ አይደለምና።

ማመሳከሪያውም ደስ ይላል፣ ልጆቹ ራሳቸው ይደምሩት። ኤን 4 ላይ ኤም-ኤል 0 ያላቸው አራት ኦርቢታሎች ናቸው፣ 8 ኤሌክትሮን። +1 እና −1 ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 12 ኤሌክትሮን። +2 እና −2 ሁለት ሁለት፣ 8። +3 እና −3 አንድ አንድ፣ 4። ሲደመር 32፣ ማለትም 2 ጊዜ ኤን ካሬ። በሰብሼል ቢደምሩትም ኤስ 2፣ ፒ 6፣ ዲ 10፣ ኤፍ 14፣ ያው 32። «ኤን 4፣ ኤም-ኤስ +½» ከተባለ ደግሞ የዚያ ግማሽ፣ 16።

ዲ_ብሎክ (ድሬዳዋ)

አቦ ልጆችሽ ጎበዞች ናቸው፤ ይህን ጥያቄ ያነሳ ክፍል ገብቶታል ማለት ነው።

ችግሩ ያለው «4ኤስ ከ3ዲ ዝቅ ያለ ነው» የሚለውን ለሁሉም አቶም የማይለወጥ እውነት አድርገን መናገራችን ላይ ነው። የኤን ሲደመር ኤል ሕግ (ድምሩ ያነሰው ሰብሼል ቀድሞ ይሞላል የሚለው) በፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ ስንሄድ አዲሱ ኤሌክትሮን የት እንደሚገባ ይነግረናል። በአንድ የተወሰነ አቶም ውስጥ ያሉትን ኦርቢታሎች ከታች ወደ ላይ የሚደረድር መሰላል ግን አይደለም። ኦርቢታል የራሱ ቋሚ ከፍታ የለውም፤ የኒውክለሱ ቻርጅ እና በውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት ሲለወጥ እሱም ይንቀሳቀሳል።

ከሃይድሮጅን ጀምሪ። ኤሌክትሮኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ኢነርጂውን የሚወስነው ኤን ነው፦ −13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ለኤን ካሬ ሲካፈል። 3ኤስ፣ 3ፒ፣ 3ዲ ሦስቱም −1.51 ላይ ናቸው። 4ኤስ −0.85 ላይ ነው፣ ከ3ዲ በላይ። ኤን ሲደመር ኤል እዚህ ቦታ የለውም።

ቀጥሎ ሶዲየም። አሥሩ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ኒውክለሱን ይከልሉታል። የውጪው ኤሌክትሮን 3ኤስ ላይ ሲሆን −5.14፣ 3ፒ ላይ ሲሆን −3.04፣ 4ኤስ ላይ −1.95፣ 3ዲ ላይ −1.52 ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ልጆቹ ከሃይድሮጅን ጋር ያስተያዩ። 3ዲ ከሃይድሮጅኑ −1.51 ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል፤ ኤል ትልቅ ስለሆነ ኒውክለሱ አጠገብ አይደርስም፣ ከከለላው ውጭ ሆኖ የሚያየው ቻርጅ +1 ብቻ ነው። 4ኤስ ግን ከ −0.85 ወደ −1.95 ወርዷል። 4ኤስ ሦስት ራዲያል ኖድ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የማይገኝበት ከኒውክለሱ የተወሰነ ርቀት፣ አለው (ኤን ሲቀነስ ኤል ሲቀነስ 1)፣ ማለትም ከኖዶቹ ወዲህ ወደ ኒውክለሱ የተጠጉ ክፍሎች አሉት፤ በእነሱ በኩል ከለላውን አልፎ ሙሉውን ቻርጅ ይቀምሳል። 3ዲ ራዲያል ኖዱ ዜሮ ነው። ፖታሲየም ላይ ልዩነቱ የባሰ ይሰፋል፦ 4ኤስ −4.34፣ 3ዲ −1.67። ስለዚህ 19ኛው ኤሌክትሮን 4ኤስ ይገባል፣ የካልሲየም 20ኛውም እንዲሁ። እዚህ ድረስ ያስተማርሽው ሁሉ ትክክል ነው።

ስካንዲየም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የኒውክለሱ ቻርጅ 21 ሲደርስ 3ዲን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ 3ዲ ይኮማተራል፣ ከ4ኤስም በታች ይወርዳል። ለዚህ ማስረጃው አዮኖቹ ናቸው። አርጎን አወቃቀር ካለው ስካንዲየም +3 ላይ ጀምረሽ ኤሌክትሮን አንድ በአንድ ጨምሪ፦ +2 ሲሆን 3ዲ¹ (ከላይ ያለችው ቁጥር የኤሌክትሮኑ ብዛት ናት)፣ +1 ሲሆን 3ዲ¹ 4ኤስ¹፣ ገለልተኛ ሲሆን 3ዲ¹ 4ኤስ²። የመጀመሪያው የገባው 3ዲ ላይ ነው! «ታዲያ ሦስቱም ለምን 3ዲ አልገቡም?» ቢሉሽ፣ 3ዲ ትንሽና የተጨናነቀ ቦታ ስለሆነ እዚያ የሚገቡ ኤሌክትሮኖች አጥብቀው ይገፋፋሉ፤ 4ኤስ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱ እዚያ ቢገቡ የአቶሙ ጠቅላላ ኢነርጂ ይቀንሳል። ዝቅተኛ መሆን ያለበት ጠቅላላው ነው፣ የአንዱ ኦርቢታል ብቻ አይደለም። ሲወጣ ግን ከኒውክለሱ ርቆና ላልቶ የተያዘው 4ኤስ ይቀድማል።

ለክፍል የሚበጀው ልማድ ይኸውልሽ። ሲሞሉ በኤን ሲደመር ኤል ይሙሉ፤ ሞልተው ሲጨርሱ በኤን ቅደም ተከተል አስተካክለው ይጻፉ፤ ሲያወጡ ከቀኝ ጫፍ ያውጡ። ብረት፦ አርጎን 3ዲ⁶ 4ኤስ²። ብረት +2፦ 3ዲ⁶። ብረት +3፦ 3ዲ⁵።

በማግኔታዊነት ልታረጋግጪላቸው ከፈለግሽ አዮኑን መርጠሽ ተጠቀሚ። ብረት +2 ምንም አይለይም፤ ትክክለኛው 3ዲ⁶ አራት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉት፣ የተሳሳተው 3ዲ⁴ 4ኤስ² ደግሞ እሱም አራት። ብረት +3 ግን ይለያል፦ 3ዲ⁵ አምስት ያልተጣመሩ ሲሆን በስፒን ብቻ ሲሰላ 5.92 ቦር ማግኔቶን (የማግኔታዊነት መለኪያ አሃድ) ይመጣል፣ 3ዲ³ 4ኤስ² ቢሆን ኖሮ 3.87 ይሆን ነበር። ልኬቱ የሚመሰክረው ለ5.9 ገደማ ነው። ቀመሩ የኤን ጊዜ (ኤን ሲደመር 2) ስኩዌር ሩት ነው፣ ግን እዚህ ኤን ያልተጣመሩት ብዛት ነው፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ ከዋናው ኳንተም ቁጥር ጋር ያምታቱታል፣ ቀድመሽ ተናገሪ። ከሁሉም የሚቀለው ዚንክ +2 ነው። ትክክለኛው 3ዲ¹⁰፣ ያልተጣመረ የለም። ከዲ ያወጣ ልጅ 3ዲ⁸ 4ኤስ² ያገኛል፣ ሁለት ያልተጣመሩ። ዚንክ ሰልፌት ደግሞ ነጭ ነው፣ ወደ ማግኔትም አይሳብም።

መምህርት_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የሶዲየሙና የሃይድሮጅኑ ንጽጽር እንዳለ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የክሮሚየምንና የመዳብን ነገርስ? «ግማሽ የሞላና ሙሉ የሞላ ሰብሼል የተረጋጋ ነው» ማለት ይበቃል? ሦስተኛው ጥያቄዬም ገና ነው።

ዲ_ብሎክ (ድሬዳዋ)

ለፈተና ይበቃል፦ ክሮሚየም 3ዲ⁵ 4ኤስ¹፣ መዳብ 3ዲ¹⁰ 4ኤስ¹። እንደ አጠቃላይ ሕግ ግን አትስጪያቸው። ሞሊብዲነም 4ዲ⁵ 5ኤስ¹ ሆኖ ሕጉን ያከበረ ሲመስል፣ ከሥሩ ያለው ተንግስተን 5ዲ⁴ 6ኤስ² ነው። ኒዮቢየም 4ዲ⁴ 5ኤስ¹ ነው፤ ግማሽም አልሞላ፣ ሙሉም አልሞላ። ፓላዲየም ጭራሽ 5ኤስ ላይ ምንም የለውም። ትክክለኛው ነገር ሁለቱ ሰብሼሎች በጣም በመቀራረባቸው ስፒናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ኤሌክትሮኖች የሚያገኙት የልውውጥ ኢነርጂ እና የመጣመር ዋጋው ሚዛኑን ወዲህ ወዲያ ማዘንበላቸው ነው። ክሮሚየምንና መዳብን በስማቸው ያጥኗቸው፤ ያንን ምክንያት ይዘው ካርቦንን 2ኤስ¹ 2ፒ³ የሚያደርግ ተማሪ በየዓመቱ ይገኛል። 2ኤስ እና 2ፒ እንደዚያ የተቀራረቡ አይደሉም።

ላብ_ጀጎል (ሐረር)

መምህርት፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሁለቱም መልሶች እኩል ናቸው። ውጫዊ ማግኔታዊ መስክ ከሌለ አምስቱ 3ዲ ኦርቢታሎች ኢነርጂያቸው አንድ ነው፤ −2 ከ+2 የሚቀድምበት ምንም ተፈጥሯዊ ምክንያት የለም። ከ −2 ወደ +2፣ መጀመሪያ +½ ብለው ከሞሉ አምስቱ በሁንድ ሕግ አንድ አንድ ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ተመልሶ −2 ላይ ይጣመራል፦ 3፣ 2፣ −2፣ −½። ከ+2 ከጀመሩ 3፣ 2፣ +2፣ −½። ስለዚህ ጥያቄ ሲያወጡ «ኤም-ኤል ከአነስተኛው ወደ ትልቁ፣ መጀመሪያ +½ እንደሚሞላ ተቆጥሮ» የምትል ግማሽ መስመር ይጨምሩ። በምርጫ ጥያቄ ደግሞ ሁለቱ አብረው ምርጫ ውስጥ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ። ተማሪው ፈተና ላይ ሁለቱንም ካላገኘ የሚቀረው ማጣራት ቀላል ነው፦ 3 እና 2 ትክክል መሆናቸውን፣ ኤም-ኤል ከ2 አለማለፉን ይይ።

«የመጨረሻው» የሚለው ቃልም ይስተካከል። በአሞላል የመጨረሻው የብረት ኤሌክትሮን 3ዲ ላይ ነው። ቀድሞ የሚወጣው ግን 4ኤስ ነው፣ ቁጥሮቹም 4፣ 0፣ 0 እና +½ ወይም −½ ናቸው። የትኛው እንደተፈለገ ጥያቄው ይናገር።

አንድ ተያያዥ ነገር፦ ፒ-ኤክስን −1፣ ፒ-ዋይን 0፣ ፒ-ዜድን +1 እያሉ የሚያዛምዱ ወረቀቶች አሉ። ልክ አይደለም። ኤም-ኤል 0 የሆነው ፒ-ዜድ ነው፤ ፒ-ኤክስ እና ፒ-ዋይ እያንዳንዳቸው የ+1 እና የ −1 ድብልቅ ናቸው። ለ11ኛ ክፍል ድብልቁን ማስረዳት ባያስፈልግም የተሳሳተውን ሠንጠረዥ አለመስጠት ይቻላል።

ሰብሼል በእውን መኖሩን በዓይን ማሳየት ከፈለጉ ደግሞ ከጨው የሚሻል የለም። ሶዲየም ነበልባል ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮኑ ከ3ኤስ ወደ 3ፒ ይወጣል፣ ሲመለስ 589 ናኖሜትር ብርሃን ይለቃል። 1240ን ለ589 ሲያካፍሉ 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣል፤ ከላይ ከተጻፈው ከ −5.14 እስከ −3.04 ያለው ርቀት ራሱ ነው። ኤን አልተለወጠም፣ ከ3 ወደ 3 ነው፤ የተለወጠው ኤል ብቻ ነው። ኢነርጂውን ኤን ብቻ ቢወስነው ኖሮ ያ ቢጫ አይኖርም ነበር።

የሚያስፈልገው የስፒሪት መብራት፣ ከቀፊራ ገበያ የሚገዛ የገበታ ጨው፣ ትንሽ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እና ኒክሮም ሽቦ ነው። ሽቦው ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥቅል ሊገኝ ይችላል። የመዳብ ሽቦ አይጠቀሙ፤ ራሱ አረንጓዴ ይሰጣል። የሽቦውን ጫፍ እንደ ቀለበት አጥፈው አሲዱ ውስጥ ይንከሩት፣ ነበልባል ውስጥ ያግሉት፣ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ይደጋግሙት፤ ከዚያ እርጥቡን ጫፍ ጨው አስነክተው ነበልባሉ ጠርዝ ላይ ይያዙት። የመዳብ ሰልፌትና የፖታሲየም ጨው ካለዎት ሶዲየምን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። በእጅ ላብ የሚመጣ ጨው እንኳ የፖታሲየምን ሐምራዊ በቢጫ ይውጠዋል፤ ፖታሲየምን በሰማያዊ ኮባልት መስታወት በኩል ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የድሬ ክፍል ስለሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። ቬንትሌተሩን ያጥፉ፣ ነበልባሉ ከተወዛወዘ ቀለሙ አይያዝም። የከሰዓቱ ብርሃን ደግሞ ቀለሙን ስለሚያጠፋው ጠዋት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይምረጡ፣ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት በካርቶን ይከልሉ። ስፒሪት በሚነድ መብራት ላይ በፍጹም አይጨመርም፤ ካለቀ አጥፍተው፣ አቀዝቅዘው፣ ከዚያ ይሙሉ። ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ይራቅ፣ የፊት ረድፍ ተማሪዎችም ወደ ኋላ ይበሉ።

አሮጌ ሲዲ ካለ ስፔክትረሙንም ያሳያል። የሲዲ መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር ስለሚራራቁ ብርሃኑን ይበትነዋል። የጫማ ካርቶን አንድ ጎን ላይ በምላጭ ቀጭን ስንጥቅ ያድርጉ፣ ሲዲውን በተቃራኒው በኩል አዘንብለው ያስቀምጡ፣ ከላይ ማያ ቀዳዳ ይክፈቱ። ስንጥቁ ከአንድ ሚሊሜትር ከሰፋ መስመሩ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ሻማ ያሳዩአቸው፣ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ሳይቆራረጥ ይታያል። ከዚያ ጨው የነካ ነበልባል፦ ጎልቶ የሚወጣው አንድ ቢጫ መስመር ነው።

መምህርት_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ይህን ማክሰኞ ጠዋት አደርገዋለሁ። ያ ቢጫ መስመር በእውነቱ ሁለት ነው ሲባል ሰምተው የሚጠይቁኝ አይጠፉም። በሲዲው ይለያል?

ላብ_ጀጎል (ሐረር)

አይለይም። መስመሮቹ 589.0 እና 589.6 ናቸው፤ እንዲህ ባለ የካርቶን ስንጥቅ 0.6 ናኖሜትር መለየት አይቻልም። ምክንያቱን ግን ይንገሯቸው፦ የኤሌክትሮኑ ስፒን ከራሱ ኦርቢታል እንቅስቃሴ ጋር ስለሚስተጋበር 3ፒ ለሁለት ተቀራራቢ ደረጃዎች ይከፈላል። 3ኤስ አይከፈልም፣ ኤል ዜሮ ስለሆነ የሚስተጋበረው ነገር የለም። አራተኛው ቁጥር ለመጣመር ቆጠራ ብቻ የገባ የሚመስላቸው ልጆች ካሉ ይህን ያሳዩአቸው።

ቀመር_ሐረር (ሐረር)

ሲዲ ካላገኙ በአዮናይዜሽን ኢነርጂም ሰብሼልን ማሳየት ይቻላል፣ ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቤሪሊየም 899፣ ቦሮን 801 ኪሎጁል በሞል። ቻርጁ ጨምሮ ሳለ ኢነርጂው ቀነሰ፤ የቦሮኑ ኤሌክትሮን 2ፒ ላይ ስለሆነ። ናይትሮጅን 1402፣ ኦክስጅን 1314። እዚህ ሰብሼሉ ያው 2ፒ ነው፤ የኦክስጅን አራተኛው የፒ ኤሌክትሮን ግን ተጣምሮ ስለተቀመጠ ይገፋል። ሁለቱ ቅናሾች ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ ልጆቹ ግራፉን ራሳቸው ከሊቲየም እስከ ኒዮን ይሳሉትና ሁለቱንም ቦታ ለይተው ይጻፉበት።